ሃያ ስምንት ወቄት

ጆሲ ከዱላዋ እጀታ የመጨረሻውን ዙር ልጣ ስታነሣ ከጥቁሩ ጥምጥም ሥር ያልጠበቀችው ነገር ብቅ አለ።

«እማ፣ ነይማ ይሄን እዪልኝ!»

እናቷ ካርላ የሊንደን ክሪክ ፖስታ ቤት ኃላፊም፣ ጸሐፊም፣ ጽዳትም እሷው ነበረች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቀሩትን ደብዳቤዎች እየለየች ሳለ ማህተሟን አስቀምጣ ወደ ጓዳው ገባች። የቤዝቦሉ ዱላ ጥቅሎች በሚደረደሩበት ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ትናንት በልምምድ ሰዓት የወረደው ዝናብ የእጀታውን ጥምጥም ስላላላው፣ ጆሲ ከጨዋታው በፊት በአዲስ ልትለውጠው ነበር ያመጣችው። አሁን ግን በተራቆተው እጀታ ላይ ግራጫ፣ ለስላሳ ብረት እንደ ፋሻ ተጠቅልሎ ይታያል።

ካርላ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። «እርሳስ ነው። አባትሽ ዓሣ ሲያጠምድ መንጠቆው እንዲሰጥምለት የሚያስረው ዓይነት። ዱላ ላይ ምን ይሠራል?»

«እኔም እሱን ነው የጠየቅኩሽ።»

ጆሲ እርሳሱን አንድ በአንድ ላጠችው። ከዚያም ዱላውን አንሥታ፣ ጥቅል የሚመዘንበት ሚዛን ላይ በጥንቃቄ አጋደመችው። ቀዮቹ ቁጥሮች ጥቂት ተንቀጠቀጡና ረጉ። ሃያ አምስት ተኩል።

አንሥታ እንደገና አስቀመጠችው። ሃያ አምስት ተኩል።

«ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል» አለች።

«የኔ ሚዛን?» ካርላ እንደተሰደበች ሁሉ ወገቧን ያዘች። «በዚህ ሚዛን ነው የዚህ ከተማ ሕዝብ ከኔ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የተጣላው። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።»

ደንቡን ጆሲ ከስሟ እኩል ታውቀዋለች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ ተጫዋች የሚይዘው ዱላ ርዝመቱ በኢንች ይለካል፤ ክብደቱ በወቄት ይመዘናል፤ የክብደቱ ቁጥር ከርዝመቱ ቁጥር ሊያንስ የሚችለው በሦስት ብቻ ነው። የእጀታው ጥምጥም አይቆጠርም። የጆሲ ዱላ ሠላሳ አንድ ኢንች ነው፤ ስለዚህ ራቁቱን ከሃያ ስምንት ወቄት መውረድ የለበትም። ሁለት ተኩል ወቄት የሆነ ቦታ ሄዷል፤ በምትኩም ሁለት ተኩል ወቄት የሚሆን እርሳስ እጀታው ላይ ተቀምጧል። ዱላውን ገልብጣ ጫፉ ላይ ያለውን ጥቁር ክዳን አየችው። ዙሪያውን ፀጉር የምታህል የሙጫ መስመር ነበረች።

ክዳኑ ተከፍቶ ዳግም ተጣብቋል።

እንዲህ ነው ነገሩ። ባለፈው ዓመት በታናናሾቹ ሊግ ስትጫወት ዱላዎቹ ቀላል ስለነበሩ ጆሲን የሚስተካከል መቺ አልነበረም። ዘንድሮ በአሥራ አምስት ዓመቷ ከወንዶቹ ቡድን ገባች፤ ብቸኛዋ ሴትም፣ ከሁሉም ትንሿም እሷ ሆነች። ከባዱ ዱላ ከትከሻዋ እስኪነሣ ኳሷ አልፋ ትሄዳለች። ብሮዲ የሚባለው ረጅሙ ልጅ «የሴቶቹ የሶፍትቦል ሜዳ በዚያ በኩል ነው፣ እመቤት!» እያለ በእጁ ማመልከቱን የልምምዱ መክፈቻ ጸሎት አስመሰለው። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ጓደኛዋ ኤመት ይህን ዱላ አመጣላት። «ለኔ አጠረኝ፤ ውሰጂው። ልኩ ያው ነው፣ ዕድሉ ግን ጥሩ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሜዳው ሁሉ አይቷል፤ ኳሷ ከዱላዋ ላይ እየተወነጨፈች ከአጥሩ ሥር ትገኝ ጀመር። አሰልጣኝ ዲትሪክ ትናንት የዛሬውን ዝርዝር ሲለጥፉ በተራ ሁለተኛዋ መቺ አድርገዋት ነበር። የዓመቱ የመጀመሪያ ቋሚ ቦታዋ።

«ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው?» አለች ካርላ፣ ፊቷን እያጤነች።

«ሰባት ሰዓት። ከዚያ በፊት የምጠይቀው ሰው አለ።»

---

የኤመት አጎት የጋስ ጋራዥ ውስጥ ትራክተር ሆዱ ተከፍቶ ቆሟል። ኤመት ከቶርኖው፣ ብረት ከሚልጠው ማሽን፣ ሥር የብረት ፍቅፋቂ ይጠርግ ነበር። ኤመትና ጆሲ ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ወንበር የሄዱ ልጆች ናቸው፤ አሁን እሱ የቡድኑ ወርዋሪ ነው፤ ቁመቱም እሷ በእግሯ ጣቶች ቆማ የማትደርስበት ሆኗል።

«ኦ! ሁለተኛዋ መቺያችን!» አለ መጥረጊያውን እንደ ማይክ ይዞ። «እስቲ ለአድማጮቻችን አንድ ቃል…»

ጆሲ ራቁቱን ዱላ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሃያ አምስት ተኩል» አለች።

የኤመት ጆሮዎች ቀሉ። መጥረጊያው ቀስ ብሎ ወረደ።

«የማን ሐሳብ ነው?»

«የኔ። ጋስ አያውቅም፤ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ነው የሠራሁት።» ዓይኑን ከዱላው አልነቀለም። «ክዳኑን ፈታሁት፣ ውስጡን በቶርኖ ትንሽ ላጥኩት፣ መልሼ አጣበቅኩት። የጎደለውን በእርሳስ ሞላሁት።»

«እጀታው ላይ።»

«እጀታው ላይ። ክብደቱ መዳፍሽ ውስጥ ሲሆን ጫፉ አይጎትትሽም። አሪፍ አይደል? ማለቴ… ሚዛን ላይ ቢወጣ እንኳ…»

«ያለ ጥምጥም ነው የሚመዘነው!»

«ጆሲ፣ በናትሽ፣ ማን ነው ጥምጥም ፈትቶ የሚመዝን? ዳኛው የፋብሪካውን ማህተም አይቶ ነው የሚያልፈው።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ» አለች ጆሲ፤ ድምፅዋ እንዳይሰበር አንድ አንድ ቃል እየመረጠች፣ «ሁለት ሳምንት ሙሉ መታሁ ብዬ ነበር። ቤት ገብቼ ለአባቴ አወራሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ክንዴን አየሁ፤ ክንዴን!»

«መተሻል እኮ!»

«የመታው ያንተ ቶርኖ ነው።»

ኤመት መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ታዲያ ምን ላድርግ? ብሮዲ በየቀኑ ሙድ ሲይዝብሽ ቆሜ ልይ? ልትተዪው ነበር።»

«ልተወው ነው ብዬ ነገርኩህ?»

«ፊትሽ ነገረኝ።»

«ብሮዲ አትችዪም ሲለኝ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነው የሚለኝ። አንተ ከጀርባዬ ዞረህ፣ ቶርኖ አስነሥተህ ነው ያልከኝ። ከሁለታችሁ ማን እንደሚሻል እስቲ አንተው ንገረኝ።»

ኤመት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬ በከባዱ ከገባሽ ትስቻለሽ። አሰልጣኙ ያስቀምጡሻል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያነሣሻል?» አለ።

«ያስቀምጡኝ።»

ዱላውን አንሥታ በበሩ ጥግ ከቆመው የቁርጥራጭ ብረት በርሜል ውስጥ ወረወረችው። ጩኸቱ ጋራዡን ሞላው። ብስክሌቷን ይዛ ወጣች፤ ዞራም አላየችም።

---

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ነፋሱ የሜዳውን አቧራ እያነሣ ተመልካቹ ላይ ይበትናል። ወላጆች ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። እንደ ደንቡ የሁለቱ ቡድኖች ዱላዎች በሣሩ ላይ በሰልፍ ተደርድረዋል። ዋናው ዳኛ፣ ሽበታም፣ ሆዳቸው ቀበቷቸውን ያሸነፈ ሰው፣ እያንዳንዱን እያነሡ ማህተሙን ያያሉ፤ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ተጫን አድርገው መልሰው ይጥላሉ።

ጆሲ ጫማዋን እያሰረች ሰልፉን በዓይኗ ስትቆጥር ሰባተኛው ላይ ቆመች። ሠላሳ አንድ ኢንች። አዲስ ጥቁር ጥምጥም።

ቀና ስትል ኤመት ከሰልፉ ጫፍ ቆሞ የጫማውን አፍንጫ ያያል። በርሜል ውስጥ ገብቶ አውጥቶታል፤ ጠምጥሞታል፤ አምጥቶም ደርድሮላታል። ካስፈለጋት እንዲኖር፤ ለምናልባቱ። የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ ጎተተችው።

ዳኛው ሰባተኛውን አነሡ። ማህተሙን አዩ። ጫፉን ተጫኑ። ጣሉት።

ከዚያ የሁለቱ ቡድኖች አሰልጣኞች ወደ መምቻው ቦታ ተጠሩ። ከጨዋታ በፊት ሁልጊዜ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁት።

«አሰልጣኝ፣ ተጫዋቾችዎ ሁሉ ደንቡ በሚፈቅደው መሣሪያ ታጥቀዋል?»

«ታጥቀዋል» አሉ አሰልጣኝ ዲትሪክ፤ ስሙን እንደሚናገር ሰው፣ ሳያመነቱ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጨዋታው የሰጡት ቃል ነው። ከዚህ በኋላ አንድ የተነካካ ዱላ ቢገኝ መቺው ብቻ አይደለም የሚቀጣው፤ ቃል የሰጠውም ነው።

ጆሲ ሳታስበው ቆማ ነበር። ዝም ብላ ከባዱን የቡድኑን ዱላ ብትይዝ ማንም አያውቅም፤ ሰባተኛው ዱላ እዚያው ተጋድሞ ይውላል። ሦስት ጊዜ ከሳተች በኋላ ግን? ብሮዲ ከሳቀ በኋላ? እጇ ወደየትኛው እንደሚሄድ እርግጠኛ አልነበረችም፤ ይህን ለራሷ ማመኗ ከሁሉ በላይ አናደዳት።

ወደ ሰልፉ ሄደች፤ ሰባተኛውን አነሣች፤ ተጫዋች በማይደርስበት ሰዓት ወደ መምቻው ቦታ አመራች።

«ሃቭሊክ! ወደ ቦታሽ!» አሉ አሰልጣኙ፣ በቤተሰቧ ስም ጠርተው።

«ይሄኛው ከሜዳ ይውጣ» አለች ለዳኛው፣ በሁለት እጇ አቅርባ።

«አይቼዋለሁ፣ ልጄ። ማህተም አለው።»

«ማህተሙ ልክ ነው፤ ውስጡ ነው የተላጠው። ጥምጥሙን ፈትተው ይመዝኑት።»

ዳኛው ዱላውን በጆሮ ግንዳቸው አጠገብ አድርገው በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ ቅንድባቸው ተነሣ።

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«አይደለም! እኔ ነኝ የ…» ኤመት ከሰልፉ ጫፍ ሲሮጥ መጣ።

«የኔ ነው አልኩ እኮ!»

«ቶርኖው ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ ኤመት ለአሰልጣኙ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ምንም አታውቅም ነበር። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቀችው። ስታውቅም ጣለችው።»

ዳኛው ሁለቱን ልጆች ተራ በተራ አዩና ዱላውን ብብታቸው ውስጥ አስገቡ። «የመጀመሪያዋ ኳስ ስላልተወረወረች ቅጣት የለውም። አንዲት ኳስ ብታልፍ ኖሮ፣ አሰልጣኝ፣ ዛሬ ጨዋታውን ከመኪናዎ ውስጥ ነበር የሚያዩት።»

ከወንበሩ በኩል የብሮዲ ድምፅ መጣ። «ለካስ! እኔ እኮ ብያለሁ! ያቺ ክንድና ያቺ ኳስ አልገጥም ብለውኝ ነበር!» ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ።

አሰልጣኝ ዲትሪክ ጆሲንና ኤመትን ወደ አጥሩ ወሰዷቸው። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። «ኤመት፣ ዛሬ አትወረውርም። ልብስህን እንደለበስክ ትቀመጣለህ፤ ቃሌን ምን ያህል እንዳረከስከው ቁጭ ብለህ ታስባለህ። ብሮዲ ይወረውራል።» ከዚያ ወደ ጆሲ ዞሩ። ድምፃቸው ለሰለሰ፤ መለስለሱ ይበልጥ ከፋት። «አንቺም ቢሆን… ያንን ቦታ የሰጠሁሽ በዚያ ዱላ መተሽ ነው። ይገባሻል አይደል? ብታርፊ…»

«አላርፍም።»

«ሃቭሊክ፣ ደንቡ ቁመት አይቶ አይቀንስልሽም። ሠላሳ አንድ በሃያ ስምንት ነው፤ ለብሮዲም ለአንቺም።»

«ይቀነስልኝ አላልኩም። ይጨመርልኝም አላልኩም። የቡድኑን ዱላ ይስጡኝ፤ በራሴ ልሳት።»

አሰልጣኙ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥተው በጉልበታቸው ላይ ሰረዝ አደረጉ፣ ጻፉ። «ሁለተኛውን ቤዝ እየጠበቅሽ ኳስ ስትለቅሚ እጅሽ አይዋሽም። ዘጠነኛ ትመቻለሽ። መጨረሻ።»

«መጨረሻም ዝርዝር ውስጥ ነው» አለች ጆሲ።

---

በራሷ ሳተች። በመጀመሪያው ተራዋ ሦስት ጊዜ ወዘወዘች፤ ሦስቱም ጊዜ ኳሷ ከኋላዋ በተቀመጠው ቀላቢ ጓንት ውስጥ ከገባች በኋላ ነበር ዱላው የደረሰው። የተጋጣሚው ቀላቢ ጭንብሉን ከፍ አድርጎ፣ «እኅቴ፣ አንቺ ነሽ ዱላውን የምትወዘውዢው ወይስ እሱ ነው አንቺን?» አላት።

«ተራ በተራ ነው» አለችው። «አሁን የሱ ተራ ነበር።»

ቀላቢው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በሁለተኛው ተራዋ ዱላውን ሁለት ጣት ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ ወርዋሪው ገና ክንዱን ሲያነሣ ወገቧን ማዞር ጀመረች። ኳሷ የዱላውን ጠርዝ ልሳ ወደ ኋላ፣ ከአጥሩ በላይ በረረች። የማይቆጠር ምት ነው፤ ግን ነካቻት። ቀጥሎ ሳተች። በሦስተኛው ተራዋ ኳሷን በትክክል አገኘቻት፤ ንዝረቱ ከመዳፏ እስከ ክርኗ ወጣ። ኳሷ በመሬት እየነጠረች ቀጥታ ወርዋሪው እጅ ውስጥ ገባች። ጆሲ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ዳኛው ውጪ አሏት።

ቡድኑ አምስት ለሦስት አሸነፈ። ከአምስቱ አንዱም የጆሲ አልነበረም። ብሮዲ፣ እውነት ለመናገር፣ ግሩም አድርጎ ወርውሯል፤ ያንንም ማንም እንዳይረሳው የሱፍ ፍሬውን እየቆረጠመ፣ ቅርፊቱን እየተፋ በወንበሩ ፊት ተንጎራደደ።

«ዘጠነኛዋ መቺያችን! ማክሰኞ ደግሞ ውሃ አቅራቢ ትሆኛለሽ!»

«ውሃውንም አቀርባለሁ፣ እመታለሁም» አለች ጆሲ ጓንቷን እየፈታች። «አንተ ሱፍህን ቆርጥም፤ ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ያደክምሃል።»

በዚህኛው ላይ የሳቁት ልጆች ከቅድሙ ይበዙ ነበር።

አሰልጣኝ ዲትሪክ የኳሶቹን ባልዲ ወደ መኪናቸው ሲሸከሙ በአጠገቧ አለፉ። አልቆሙም። «የማክሰኞውን ዝርዝር ሰኞ ከልምምድ በኋላ ነው የምጽፈው» አሉ፣ ለአየሩ እንደሚናገሩ ሁሉ።

ወላጆች ወንበራቸውን አጥፈው ሄዱ። ካርላ ከመኪናው መስኮት ብቅ ብላ የልጇን ፊት አየች፤ ምንም ሳትጠይቅ ሞተሩን አጠፋችና ጋዜጣዋን ገለጠች። ሜዳው ላይ ነፋሱና ኤመት ብቻ ቀሩ። ልብሱን አንድ ጠብታ ላብ አልነካውም።

«ጆሲ…»

«ይቅርታ ልትል ከሆነ ቆይ። መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ።» የቡድኑን ዱላ እንደያዘች ነበር፤ አላስረከበችውም። «በልምምድ ላይ ስትወረውርልኝ፣ በሙሉ ጉልበትህ ነበር?»

ኤመት ካፑን አወለቀ፤ ውስጡን ተመለከተ፤ መልሶ አደረገው። «ሁልጊዜ አይደለም።»

«ስንት ጊዜ ነው ያለሰለስከው?»

«… ብዙ ጊዜ።»

ጆሲ ራሷን ነቀነቀች። ያማታል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አመማትም። ከሥሩ ግን የሆነ ጠንካራ ነገር አገኘች፤ እግር የሚያስቆም መሬት። ቢያንስ አሁን ልኳን ታውቀዋለች። ከአጥሩ ሥር አንዲት የተረሳች ኳስ አንሥታ ወረወረችለት።

«ክንድህ ዛሬ አልሠራም። ሂድና ቁም።»

«አሁን? መዳፍሽ ተልጧል እኮ።»

«መዳፌን አልጠየቅኩህም።»

ኤመት ወደ ወርዋሪው ጉብታ ወጣ። ጆሲ በመምቻው ቦታ እግሯን ተከለች፤ ዱላውን ሁለት ጣት ከፍ አድርጋ ያዘች። የመጀመሪያዋ ኳስ ቀለል ብላ፣ ክብ ሠርታ፣ ለልደት እንደሚወረወር ፊኛ ተንሳፋ መጣች። ጆሲ ዱላዋን ከትከሻዋ አላነቃነቀችም። ኳሷ አለፈች፤ አጥሩን መታችና ወደቀች።

ሄዳ አነሣቻት። መልሳ ወረወረችለት።

«ይቺን አልቆጠርኳትም» አለች። «ለብሮዲ የምትወረውራትን ወርውርልኝ።»

«ጆሲ፣ እሷን እኮ ብሮዲም አይመታትም።»

«እንግዲያው ማንም አይቀድመኝም። ወርውር።»

ኤመት ኳሷን በጓንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ አገላበጣት። ፊቱ ላይ የነበረው የይቅርታ ፈገግታ ቀስ በቀስ ሄደ፤ በምትኩ ለተጋጣሚ ብቻ የሚያሳየው ፊት መጣ። ጉልበቱን ወደ ደረቱ አነሣ፤ ክንዱን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳበ።

ጆሲ ገና ኳሷ ከእጁ ሳትወጣ ወገቧን ማዞር ጀመረች።